እኔ ሚትስቫ አልኩ፣ እሳቸው ምጽዋት ሰሙ

የሰው እጅ ማየት አልወድም። ይህን ስል መኩራራቴ እንዳይመስላችሁ፤ እንደ በሽታ ቁጠሩልኝ። ለንደን ከገባሁ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ከጎረቤት ጨው እንኳ ተበድሬ አላውቅም። አንዴ ሶፋ ገዝቼ፣ አግዙኝ ላለማለት ብዬ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ብቻዬን ጎትቼ አውጥቼው ሦስት ሳምንት ወገቤን ይዤ ከርሜአለሁ። ሚስቴ ሚርያም «ከሶፋው ኩራትህ ይከብዳል» እያለች ስቃብኛለች።

ሚርያም አይሁዳዊት ነበረች፣ የዚሁ የለንደን ልጅ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ሥራዬ አውቶቡስ መንዳት ነው፣ ከካምደን ባተርሲ፣ ከባተርሲ ካምደን። እንዴት ተጋባችሁ ለሚለኝ ሰው አጭሩ መልስ አውቶቡሴ ላይ የረሳችውን ጃንጥላ መለስኩላት የሚል ነው። አንዲት ልጅ ወለድን፤ ስሟን ሐና ያልናት በሁለታችንም ወገን የሚታወቅ ስም ስለሆነ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ሚርያም ታመመችና አረፈች። ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አንድ ነገር ብቻ ቃል አስገባችኝ፤ ሐና አሥራ ሦስት ዓመት ሲሞላት ባት ሚትስቫዋን እንዳደርግላት።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አንዲት አይሁዳዊት ልጅ ለአካለ መጠን ስትደርስ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምኩራብ ውስጥ ሕዝቡ ፊት ቆማ ከኦሪቱ ጥቅልል በዕብራይስጥ ታነባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ትልቅ ሰው ትቆጠራለች። ባት ሚትስቫ ማለት በእኛ አነጋገር «የትእዛዝ ልጅ» እንደ ማለት ነው። ንባቡ ሲያልቅ የልጅቷ ቤተሰብ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ ምሳ ያቀርባል።

ጣጣው ያለው ምሳው ላይ ነው። የሐና ጓደኞች አባቶች የሆቴል አዳራሽ ይከራያሉ፤ ሙዚቃ አጫዋች አለ፣ ቸኮሌት የሚፈስበት ምንጭ አለ፣ ምኑ ቅጡ። አንድ ምግብ አቅራቢ ዘንድ ደውዬ ዋጋውን ሲነግረኝ፣ ሠርግ መስሎት እንደሆነ ብዬ ደግሜ አስረዳሁት። «ለሠርግማ ከዚህ ይበልጣል» አለኝ።

ስለዚህ በአቅሜ አቀድኩ። ቀሚሷን ያገለገለ ልብስ ለበጎ አድራጎት ከሚሸጥበት ቻሪቲ ሾፕ ገዛሁ። ቻሪቲ ሾፕ ገብቶ መግዛት ልመና አይደለም፣ ከፍዬ ነው የወጣሁት። የጥሪ ካርዱን ሐና ራሷ ሣለችውና ላይብረሪ ሄደን አባዛነው። በጸሎት ጊዜ ትከሻ ላይ የሚደረገው ባለ ዘርፍ ነጭ ልብስ፣ የእኛን ነጠላ የሚመስለው፣ የእናቷ ይሆናል። ከምኩራቡ ሥር ያለውን አዳራሽ ያለ ክፍያ ፈቀዱልን። ለምሳ ዳቦ፣ ሰላጣ፣ ፍራፍሬ፣ ቺፕስና ጁስ። በቃ።

የምኩራቡ መሪ ረቢ ሼላ የሚባሉ ደግ ሴት ናቸው። ስለ ወጥ ቤታቸው አንድ ደንብ ብቻ ነገሩኝ፤ ከውጭ ሥጋ አይገባም። ከዚያ «ከእናንተ ወገን ስንት ሰው ይመጣል?» አሉኝ።

«ጥቂት ነን» አልኳቸው።

«ሁለት ረድፍ ወንበር ልያዝላችሁ? ሃያ ሰው ያስቀምጣል።»

«ይበቃል» አልኩ። ሃያ ሰው ከየት እንደማመጣ ግን አላውቅም ነበር። የሚርያም ወላጆች ሞተዋል፣ እህት ወንድም የላትም። ማንቸስተር አንዲት የአጎቷ ልጅ ከነባሏ አለች። ሐበሻ እንዳልጠራ፣ ሐበሻ ጠርቶ በቺፕስ መሸኘት ነውር ሆነብኝ። አስቤ አስቤ ሁለት ሰው ብቻ ለመጥራት ወሰንኩ። አንዱ ግርማ ነው፣ የታክሲ ሾፌርና የልብ ጓደኛዬ። ሌላዋ እትዬ ለተብርሃን ናቸው።

እትዬ ለተብርሃን የአስመራ ሰው ናቸው፤ ካሌዶኒያን ሮድ ከመንግሥት በሚከራይ የካውንስል ፍላት ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። አማርኛቸው እዚያው አስመራ ትምህርት ቤት እንደተማሩት አለ፤ ከእኔ ይሻላል። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ትንሽ ይከብዳል፣ ትእዛዛቸው ግን አይከብድም። እሳቸው ተነሱ ካሉ ቤተ ክርስቲያናችን በሙሉ ይነሣል።

ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ፈረቃዬን ልጀምር ስል፣ ካምደን ፌርማታ ላይ ቆሜ ደወልኩላቸው። አጠገቤ የአንድ አውቶቡስ ሞተር ያጓራል።

«እትዬ፣ የዛሬ ሁለት ሳምንት ቅዳሜ የሐና ሚትስቫ ስለሆነ ይምጡልኝ ብዬ ነው።»

«የሐና ምን?»

«ሚትስቫ! ሚት፣ ስቫ!»

«ምጽዋት?»

የእንግዳ ቃል ሲናገሩ ምላሳቸው እንደዚያ ያለ መሰለኝ። «አዎ፣ አዎ» አልኩ።

«ለሐና ነው ምጽዋቱ?»

«አዎ፣ ለሐና ነው። ምኩራባቸው ውስጥ ነው የሚደረገው።»

ወዲያው ድምፃቸው ተሰበረ። «እግዚኦ መሐረነ! እኛ እያለን? እሺ ልጄ፣ እሺ። አይዞህ።» ስልኩን ዘጉት። እኔም ሚርያም ትዝ ብላቸው ነው ብዬ ልቤ ተነክቶ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ የማይገቡኝ ነገሮች ይደርሱብኝ ጀመር። በፊት ለሰላምታ ያህል ብቻ የማውቃት አንዲት ሴት ደውላ «የልጅቷ ጫማ ቁጥር ስንት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ለስጦታ ነው ብዬ ነገርኳት። ከሥራ ስመለስ የቤቴ በር እጀታ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ አገኘሁ፤ ውስጡ ምስርና የሱፍ ጓንት። አንድ ቀን ደግሞ አንድ የቤተ ክርስቲያን ሰው አውቶቡሴ ላይ ወጥቶ ካርዱን ነካ ካደረገ በኋላ አልሄድ አለ። በመስተዋቱ ክፍተት እጁን አስገብቶ እጄን ጨበጠኝ። «ያልፋል ታምራት፣ ሁሉም ያልፋል» አለኝ፤ እንባ አቅርሯል። ከኋላው ሃያ ተሳፋሪ ተሰልፏል። ምኑ ነው የሚያልፈው ብዬ ስገረም ዋልኩ።

መልሱን ያገኘሁት ሐሙስ ነው፣ ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው። ግርማ ካሌዶኒያን ሮድ ካፌ ቁጭ ብለን ሻይ እየጠጣን፣ ብርጭቆውን ሲያዞር ሲያዞር ቆይቶ «እንዲህ መቸገርህን ለኔ እንኳ አትነግረኝም?» አለኝ።

«የምን መቸገር?»

«እሁድ፣ አንተ ፈረቃ ላይ ሳለህ፣ ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ለተብርሃን ተነሥተው ተናገሩኮ። ታምራት እጅ አጥሮት፣ እናት የሌላትን ልጅ አይሁዶች ቤት ምጽዋት ሊያስቀበላት ነው፣ እኛ ምን ዓይነት ሰዎች ነን ብለው ሰውን አስለቀሱት። ሁሉም የሚችለውን ሊያመጣ ተነጋግሯል።»

ጆሮዬ ጋለ። ያ ሁሉ ጫማ፣ ጓንት፣ ምስር፣ እጅ መጨበጥ ባንዴ ገባኝ። ግርማ ነገሩ የቃል ስሕተት መሆኑን ስነግረው በሣቅ ፈነዳ፤ እኔ ግን አልሣቅሁም። አንድ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ ሰው እኔን ለማኝ አድርጎ ሲያለቅስልኝ ከርሟል። ካርዳቸውን ነካ እያደረጉ በሚወጡት ሁሉ ዓይን ምን መስዬ እንደቆየሁ ሳስበው መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዓርብ ፈረቃዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አለቀ። የሥራ ልብሴን ሳላወልቅ እትዬ ለተብርሃን ቤት ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገና ኮሪደሩ ላይ የቁሌት ሽታ ተቀበለኝ። ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ሴቶች ሽንኩርት እየከተፉ፣ ጎመን እየዘነጠሉ ነው፤ ምድጃው ላይ አራት ትልልቅ ድስት ተጥዷል። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበር ሁሉም የጾም ነው፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ፎሶልያ። ሳሎኑ ሶፋ ላይ ደግሞ ልብስ ተከምሯል። አንድ አዲስ ቀይ ካፖርት ከነዋጋ ወረቀቱ ከላይ ተሰቅሏል።

«መጣህ ልጄ፣ ና ግባ» አሉ እትዬ ማማሰያውን እንደያዙ።

«እትዬ፣ እኔ ምጽዋት አላልኩም!» አልኩ። ድምፄ ከፍ ማለቱን አውቀዋለሁ። «ሚትስቫ ነው ያልኩት። የነሱ በዓል ነው፣ የልጅ በዓል! ልጄ ለማኝ አይደለችም። እኔም ለማኝ አይደለሁም። ይህን ሁሉ ለሚያስፈልገው ስጡት። ነገ ማንም እንዳይመጣ።»

ሴቶቹ ቢላቸውን አስቀመጡ። እትዬ ማማሰያውን ክዳኑ ላይ አጋደሙትና ምድጃውን አንድ በአንድ አጠፉት።

«እኔ የሰማሁት ምጽዋት ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ይቅርታ፣ ጆሮዬ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሚርያም ያረፈች ሳምንት ሽሮ ይዤ ሦስት ቀን መጣሁ። ሦስቱንም ቀን በር ላይ ተቀብለህ፣ በር ላይ አመስግነህ፣ በር ላይ ሸኘኸኝ። ሰው ሐዘን ቤት መጥቶ ወንበር ሳይሰጠው ተመለሰ። ያን ቀን ዝም አልኩህ። አሁን ሂድ።»

ሄድኩ። ንዴቴ ገና አልበረደም ነበር።

ቤት ስገባ ሐና ሳሎን ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለች ንባቧን ትለማመዳለች። የደረሳት ክፍል ያዕቆብ ከአገሩ ተሰዶ ሜዳ ላይ ድንጋይ ተንተርሶ ያደረበት ነው። እኔ ዕብራይስጥ ባላውቅም ዜማውን ከመስማት ብዛት እሷ ስትሳሳት እኔም አውቃለሁ። አቋርጫት የሆነውን ሁሉ ነገርኳት፤ ስሕተቱን፣ ድስቶቹን፣ ቁጣዬን። ክብራችንን እንዳስጠበቅሁ እያወራሁ እንደነበር አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

«ሶ፣ ማን ነው የሚመጣው?» አለችኝ።

«የእናትሽ የአጎት ልጅ አለች፣ ባሏ አለ፣ ግርማ አለ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛሽም...»

«ዳድ፣ ያ አራት ሰው ነው። ሁለት ረድፍ ነው የያዙልን፣ ራይት በፊቴ። እኔ ሳነብ የማየው እሱን ነው። እማዬ ስለሞተች ነው ማንም የማይመጣው?»

«አይደለም የኔ ልጅ።»

«ኦኬ። በቃ ቶሎ ቶሎ አነበዋለሁ» አለችና መጽሐፉን ዘጋችው። አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችም። ክፍሏ ገብታ በሩን ቀስ ብላ ዘጋች።

ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት። ልጄ አዳራሽም ቸኮሌትም አልጠየቀችኝም። የፈለገችው ቀና ስትል የሚያያትን ሰው ነው። ያን ሰው ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ በገዛ አፌ አባርሬዋለሁ። እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ እትዬ ለተብርሃን በር ላይ ቆሜአለሁ። ጸሎቱ የሚጀመረው አራት ሰዓት ተኩል ነው። ደወሉን ተጫንኩ። የእግራቸው ኮቴ መጣና በሩ ኋላ ቆመ፤ በቀዳዳዋ እያዩኝ እንደሆነ አውቄአለሁ። አልከፈቱም።

ምን እንደምል መንገዱን ሁሉ ሳጠና ነበር የመጣሁት። «ትናንት ሥራ ደክሞኝ ነው» ልል ነበር። እዚያ ስቆም ግን ያጠናሁት ሁሉ ጠፋኝና፣ ልጅ ሆኜ በሰፈራችን የቆሎ ተማሪዎች ከደጅ ቆመው ሲለምኑ የምሰማው ቃል አፌ ላይ መጣ።

«በእንተ ስማ ለማርያም!» አልኩ።

ስለ ማርያም ስም ማለት ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ግን በልቤ ያለችው የኔዋ ሚርያም ነበረች። የጎረቤት በር ተከፍቶ አንድ ሰው በፒጃማ ብቅ ብሎ አየኝ፤ ግድ አልሰጠኝም።

ከውስጥ ድምፅ መጣ። «ምን ፈለግህ?»

«ምጽዋት።»

«ትናንት ምጽዋት አይደለም ብለህ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው እትዬ። ምጽዋት ነው። ልጄ ሰው ያስፈልጋታል፤ እኔ ደግሞ ሰው የለኝም። ሰው መጽውቱኝ።»

ሰንሰለቱ ተንቀጫቀጨና በሩ ተከፈተ። እትዬ ሻሽ አስረው፣ ሽርጥ አገልድመው ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል። «ግባ» አሉኝ። «በር ላይ የሚቆም እንግዳ አልወድም።»

ገባሁ። ድስቶቹ ተከድነው፣ በጨርቅ ተጠቅልለው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። እንጀራው ተጠቅልሎ በፌስታል ታስሯል። ዓይኔ ሲፈጥ አዩና «ምን ታያለህ? አንድ ሰው ተቆጣ ተብሎ ወጥ ጥሬ አይቀርም» አሉ። ቀጥለው ስልካቸውን አነሡ። በአንድ እጃቸው መነጽራቸውን ይዘው፣ አንድ በአንድ እየደወሉ፣ ለሁሉም ያሉት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ልጁ እሺ ብሏል፣ ተነሡ።»

እኔ ሐናን ለማድረስ ቀድሜ ተመለስኩ። ለእሷ ግን ምንም አልነገርኳትም፤ ሳይመጡ ቢቀሩ ሁለተኛ እንዳይሰበር ልቧ።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ጸሎቱ ተጀመረ። የምኩራቡ ሰዎች፣ አብዛኛዎቹ ሽማግሌዎች፣ በየቦታቸው ተቀመጡ። እኛ ሁለት ረድፍ ላይ ከማንቸስተር የመጡት ሁለቱ፣ የሐና ጓደኛና እኔ አለን። ግርማ እንኳ የለም። ሐና ከፊት ከረቢዋ ጎን ተቀምጣ አንዴ በሩን፣ አንዴ እኛን ታያለች። የእናቷ የጸሎት ልብስ ስለሚረዝምባት ከትከሻዋ ይንሸራተትባታል፤ ትሰበስበዋለች፣ መልሶ ይወርዳል። አምስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኦሪቱን ከመንበሩ ሊያወጡ ተነሡ። ከዚያ በኋላ የሐና ተራ ነው። መቀመጥ አቃተኝና ወጣሁ።

የግቢው በር ላይ ጥበቃ አለ፤ በዚህ ዘመን ምኩራብ ሁሉ አለው። ስምህን ከዝርዝር ያያል፣ ቦርሳህን ይፈትሻል። ደርሼ ሳይ፣ ወጣቱ ጠባቂ ወረቀቱን ይዞ ግራ ተጋብቶ ቆሟል። ፊት ለፊቱ እትዬ ለተብርሃን ናቸው፤ ከኋላቸው ነጠላ የለበሱ፣ ካፖርት የለበሱ፣ ድስት ያቀፉ፣ ፌስታል ያንጠለጠሉ ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች የእግረኛውን መንገድ ሞልተውታል። ግማሾቹ በግርማ ታክሲ ምልልስ፣ ግማሾቹ ድስታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በአውቶቡስ ነው የመጡት።

«ለምንድነው የመጣችሁት?» ይላል ጠባቂው በእንግሊዝኛ።

«ዊ ካም ፎር ምጽዋት!» አሉ እትዬ።

«ባት ሚትስቫ?»

«የስ! ምጽዋት!»

«ድስቱ ውስጥ ሥጋ አለ?»

«ኖ ሚት! ኖ በተር! ፋስቲንግ!» አሉና ክዳኑን ከፈቱለት። የምስሩ እንፋሎት ፊቱን ሞላው፤ አንገቱን ወደ ድስቱ ሰገግ አደረገ። ዞር ሲል እኔን አየኝ።

«እነዚህ ሁሉ ካንተ ጋር ናቸው?»

በሕይወቴ እንዲህ ቀላል ጥያቄ እንዲህ ከብዶኝ አያውቅም። «አዎ» አልኩት። «ዘመዶቼ ናቸው።»

ቦርሳዎቹን አንድ በአንድ ፈትሾ አስገባቸው። ድስቶቹን ታች አዳራሽ አወረድናቸውና ወደ ላይ ወጣን። በሩ ሲከፈት ሐና ከጥቅልሉ ፊት ቆማለች፤ ገና አልጀመረችም። ረቢ ሼላ ቀና ብለው አዩና እንዳትቸኩል በእጃቸው ምልክት ሰጧት። ሰው ገባ፣ ገባ፣ ገባ። ሁለቱ ረድፍ ሞላ፣ ሦስተኛው ሞላ፣ የምኩራቡ ሽማግሌዎች እየተጠጋጉ ቦታ ሰጡ። እትዬ ለተብርሃን ግን አልተቀመጡም። ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው እስከ ፊት ሄዱ። ከነጠላቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው፣ የሚንሸራተተውን ልብስ የሐና ትከሻ ላይ አስተካክለው አያያዙት። ጉንጯን ስመው ተመልሰው መጡ።

ሐና አነበበች። አልቸኮለችም። በመካከሉ አንዴ ቀና ብላ ሁለቱን ረድፍ ከዳር እስከ ዳር አየች፤ ከዚያ በኋላ ድምፅዋ ከፍ አለ። እኔ ወንበር አጥቼ ከበሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። እንባዬ ይወርዳል፣ አልጠረግሁትም።

ስትጨርስ እንደ ልማዳቸው «ማዘል ቶቭ!»፣ እንኳን ደስ አለሽ፣ ብለው ከረሜላ ወረወሩባት። የእኛ ሴቶች ይህን ሲያዩ ማን ይያዛቸው፣ እልልታቸውን አቀለጡት። የእንግሊዝ አዛውንት ደነገጡ። ከፊት ረድፍ ግን ባግዳድ የተወለዱ አንዲት አሮጊት በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡና አፋቸውን በእጃቸው ከልለው የራሳቸውን እልልታ መለሱ። ከስድሳ ዓመት በፊት በሠርጋቸው ቀን እንደሰሙት በኋላ ነገሩን።

ታች ወርደን ስንበላ ለሐና ያመጡት ቀይ ካፖርት ተሰጣት፤ እስከ ማታ አላወለቀችውም። ጥሬ ምስርና ሩዝ ያመጡት ደግሞ የት እናድርገው ሲሉ፣ ረቢ ሼላ መግቢያው ላይ ለተቸገሩ ሰዎች እህል የሚሰበሰብበትን ሣጥን አሳዩአቸው፤ እስከ አፉ ሞላ። እኔም ረቢዋ አጠገብ ተቀምጬ የስልኩን ስሕተት ነገርኳቸው። እንደሚስቁ ጠብቄ ነበር። ማንኪያቸውን አስቀመጡና እትዬ ለተብርሃንን «እስቲ ቃሉን ይድገሙልኝ» አሏቸው፤ እኔ አስተረጎምኩ።

«ምጽዋት» አሉ እትዬ።

«ስሕተት አይደለም» አሉ ረቢዋ። «የኛ አባቶች አራማይክ በሚናገሩበት ዘመን ለድኻ የሚሰጠውን ሚትስቫ ይሉት ነበር። ከትእዛዞች ሁሉ ዋናው እሱ ነው ብለው። ቃሉ አንድ ሳይሆን አይቀርም፤ እናንተ ዘንድ ሄዶ ቆይቶ ነው።»

ስተረጉምላቸው እትዬ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። «አላልኩህም?» አሉና ጉርሻ ጠቅልለው አፌ ውስጥ ከተቱልኝ።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ልሰብካችሁ አልተነሣሁም። እኔም ቢሆን ባንድ ቀን ሌላ ሰው አልሆንኩም፤ ዛሬም ሰው ሊረዳኝ ሲነሣ መጀመሪያ የሚመጣልኝ «ግድ የለም፣ ይቅር» ማለት ነው። ግን አሁን አፌን እይዛለሁ። እንደኔ በር ላይ አመስግናችሁ የምትሸኙ ሰዎች ካላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ለመጣው ሰው ወንበር ሳቡለት። እኔ ክብሬን የጠበቅሁ እየመሰለኝ ልጄን ብቻዋን ላስቀራት አንድ ጠዋት ብቻ ነበር የቀረኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከበሩ ኋላ የነበሩት ሴት ቂም አልያዙብኝም።

በዚህ አገር ልማድ ከበዓል በኋላ ለመጣው ሁሉ በእጅ የተጻፈ የምስጋና ካርድ ይላካል። ሐና ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ስትጽፍ «ይቺ ድንች የያዘችው ማን ትባላለች? ያ ረጅሙ ሰውዬስ?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቃቸውም። እትዬንም ጠየቅናቸው፤ አንዳንዶቹ ከባተርሲ ሰው ሰምቶ ለሰው የነገራቸው፣ እሳቸውም የማያውቋቸው ናቸው። ሐና ካርዶቹን መጻፍ ግን አልተወችም። አሥራ አንድ ካርዶች ቡፌው ላይ ተደርድረው አሉ፤ «ስለመጣችሁልኝ አመሰግናለሁ» ይላሉ በተንጋደደ አማርኛ፤ የስሙ ቦታ ባዶ ነው። ያን ቅዳሜ ድስት አቅፋችሁ ከመጣችሁት አንዳችሁ ይህን ካነበባችሁ፣ ለእትዬ ለተብርሃን ስማችሁን ንገሩልን። ልጄ እስክሪብቶዋን ይዛ ትጠብቃለች።